አሥራ ሁለተኛው ገንቦ

ቲማቲም ደብዳቤ እየጠጣ አይኖርም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ጓሮ ውስጥ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ስሸሸግ ያቺን አንዲት የቲማቲም ግንድ ማን እንደሚያጠጣት አላሰብሁም። ሰውን ጉድ የሚሠራው መቼም ያላሰበው ነገር ነው።

ቤታችን ከወገዳ ከተማ ቁልቁል ወደ በሽሎ ወንዝ ሲወረድ፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። በመጋቢት ደገኛው ማለዳ ማለዳ ጋቢ ሲደርብ፣ እኛ ዘንድ ድንጋዩ እግር ይጠብሳል። ውሃ ከምንጭ በአህያ ነው የሚመጣው፤ መሬት ላይ ካፈሰሱት ከሥሩ ቀድማ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ስለዚህ ቆላ ውስጥ የጓሮ አትክልት ማለት ድሮ ከክረምት ክረምት የምትታይ ጎመን ነበረች።

ጓሯችንን ያዳነው ሸክላ ነው። ገንቦ ተቆፍሮ እስከ አንገቱ ይቀበርና ውሃ ተሞልቶ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደናል። ሸክላው ውሃውን ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ያዣል፤ በሳምንት ሁለቴ ከተሞላ ይበቃል። እንዲህ አድርገን አሥራ ሁለት ገንቦ ቀበርን። በዙሪያቸው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቆስጣና ጎመን አለ። ከፓፓያዎቹ ጥላ ሥር ደግሞ ገለባ አልብሼ የያዝሁት እንጆሪ አለ። አዎ፣ እንጆሪ፣ በቆላ። አገር ሁሉ ስቆብኝ ነበር፤ ፍሬውን ሲቀምስ ዝም አለ።

ገንቦዎቹን የሠሩት እትዬ ተሾመች ናቸው። የቀበራቸው ልጃቸው ወገኔ ነው። ወገኔ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ገብቶ የአትክልት ሙያ ተማረ፤ ዲፕሎማውን ይዞ ተመለሰ፤ ሥራ እስኪገኝ እያለ ሁለት ዓመት ከእናቱ ጋር ጭቃ ሲረግጥ ኖረ። የእኛ አገር ሰው ከሸክላ ሠሪ ገንቦ ይገዛል እንጂ ቤቷ ገብቶ እህል አይቀምስም። ዓይኗ ይፈራል። ልጅ መስጠትማ አይነሣም። ድስቱን አወድሶ ይቀበልና ዘወር ብሎ ያማትባል።

አባቴም ያማትባሉ። አባቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም ከእስቴና ከጋይንት ሳይቀር ተማሪ የሚመጣላቸው የቅኔ መምህር ናቸው። አንድ ጊዜ የሰሙትን፣ አንድ ጊዜ ያነበቡትን አይረሱም። የቅኔውን ቤት የሚቆጥሩት በጣታቸው አንጓ ላይ ነው፤ አውራ ጣታቸው አንጓ ባንጓ እየሄደ የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ቅኔው ሞላ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ጭናቸው ላይ ተቀምጬ ያቺን አውራ ጣት በዓይኔ እከተላት ነበር።

እኔ ዝናሽ የእኚህ ሰው አንድ ልጅ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ለዲያቆን ቀለመ ወርቅ እንድዳር ቃል ተገብቶብኛል። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል አግብቶ፣ አብሯት ቆርቦ ነው። በቁርባን የተጋቡ ደግሞ መፋታት የላቸውም። ቀለመ ወርቅን አልጠላውም። የአባቴ ምርጥ ተማሪ ነው፤ ሲያገኘኝ ዓይኑ መሬት ላይ ነው፣ ሲጠራኝም «እኅቴ» ብሎ ነው። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከክፉ ሰው ሮጠው ያመልጣሉ፤ ከደግ ሰው በየት በኩል ይወጣል?

ወገኔን የወደድሁት ባለፈው ጥቅምት ገንቦ ሲቀብር ነው። በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለውን የእንጆሪ ችግኝ ከከረጢቱ ሲያወጣ ሳቄ መጣ።

«ይኼ በቆላ አይሆንም» አልሁት።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው ሁሉ።»

«ሰው ሁሉ ተክሎ አይቶታል?» አለና ቀና ብሎ አየኝ። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሌላ ወንድ ሲያየኝ የመሪጌታን ልጅ ነው የሚያየው፤ እሱ ግን እኔን አየኝ። ያን ቀን ጎመን ቀንጥሼ መጨረስ አቃተኝ።

አሥራ ሁለተኛው ገንቦ የተቀበረው ወደ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከቅንጭቡ አጥር ሥር ነው። ከውጭ እጅ ሰድዶ ክዳኑን ማንሣት ይቻላል። ወገኔ ቀብሮ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህኛው ውሃ አይሞላበትም» አለኝ።

«ታዲያ አጠገቡ ያለችው ቲማቲምስ?»

«እሷን አንቺ በጣሳ ታጠጫታለሽ። ገንቦው ወረቀት ይይዛል።»

ፊቴ ጋለ። እንዳይታወቅብኝ ልቀልድ ብዬ «ነገሩ ካበቃስ?» አልሁት።

«ካበቃ፣ በቃኝ ያለው ሰው ውሃ ይሙላበት። ሌላ ቃል አያስፈልግም።»

ሳቅሁ። ያን ቀን ውሃ የሚያስፈራ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

ጾሙ ሲገባ ረቡዕና አርብ የእኛ ቀን ሆኑ። አባቴ ቅዳሴ ገብተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይወጡም። እኔ ፀሐይ ሳትበረታ መቅላት የጀመሩትን ቲማቲሞች እለቅማለሁ፤ ቀልተው እስኪያልቁ ከተጠበቁ ሙቀቱ ይሰነጥቃቸዋል። የጎመኑን ቅማል በአመድ አባርራለሁ፤ እንጆሪውን ወፍ ሳይቀድመኝ በቅጠል ላይ አኖራለሁ። ከዚያ በጣሳ ውሃ ይዤ ወደ አጥሩ እሄድና ድንጋዩን አነሣለሁ። «እናቴ ዛሬ የገንቦ አንገት አበላሽቼባት ዓይንህ የት ነው አለችኝ» ይላል አንዱ ደብዳቤ። «መሪጌታ ጓሮ ነው ብላት ምን ትል ነበር?» አንብቤ እሳት ውስጥ እከተዋለሁ። ቃሉ ግን አይቃጠልም፤ ሌሊትም ቀንም ከእኔ ጋር ይውላል።

እንዲህ ስል በመጋቢት አጋማሽ አንድ ረቡዕ ረፋድ የቀለመ ወርቅ አባት አራት ሽማግሌ አስከትለው ከእስቴ መጡ። የታጨች ልጅ ለአማቶቿ አትታይም። እናቴ ታንጉት እጄን ይዛ ጓዳ አስገባችኝና መጋረጃውን ጣለች። ሦስት ቀን ሽሮ ሳማስል፣ ጎመን ስከትፍ ቆየሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ስለ እኔ ይወራል።

«ልጅቱ ሥራ ታውቃለች?» ይላሉ አንዱ።

«ይህ የምትበሉት ሁሉ የእጇ ነው» ይላሉ አባቴ። ኩራታቸው ከድምፃቸው ይሰማኛል።

የምወዳቸው አባቴ እያወደሱኝ ነው፤ እኔ ግን ገበያ እንደ ወጣች ጊደር ጥርሴ የሚቆጠር መሰለኝ። ረቡዕ ወገኔ ደብዳቤ እንዳስቀመጠ አውቃለሁ። ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ሃያ እርምጃ እንዲህ እንደሚርቅ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ በቅሏቸው ላይ ሲወጡ እኔ ወደ ጓሮ በረርሁ። አሥራ ሁለተኛዋ ቲማቲም በሦስት ቀን ሙቀት ደርቃ ትጠብቀኛለች ብዬ ነበር። የታችኛው ቅጠሏ ተቃጥሏል፤ ጫፏ ግን ቀና ብሏል። ሥሯ ያለው አፈር ርጥብ ነው። ድንጋዩን አነሣሁ።

ገንቦው ውሃ ሞልቷል።

ፊቴን ውሃው ውስጥ አየሁት። ወረቀት የለም። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ታቹን ዳሰስሁ፤ ምንም የለም።

«እማዬ» አልሁ ስገባ፣ «ጓሮውን አጠጥተሽው ነበር?»

«በእንግዳ መሐል በየት በኩል ብዬ?»

አባቴ በዕድሜያቸው ችግኝ አጠጥተው አያውቁም። እንግዲህ የቀረው አንድ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ መምጣታቸውን አገሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እሱም ሰምቶ በቃኝ አለ። ተስፋ ቆረጠብኝ። ደብዳቤውን እንኳ መልሶ ወሰደው።

አላለቀስሁም። እንጆሪውን ለቀምሁ፤ አንድም ሳልቀምስ ለእናቴ ሰጠኋት። ማታ ለእናቴ «ለሠርጉ ቀሚስ ልኬን ከፈለግሽ ለኪኝ» አልኋት። እጆቼን ዘርግቼ ስቆም የምለካው ለቀሚስ ሳይሆን ለሬሣ ሣጥን መሰለኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወገኔን አየሁት። እንደ ሁልጊዜው ከእናቱ ጋር ከቅጽሩ ውጭ ቆሟል። ዓይናችን ተጋጠመ። ትንሽ እንኳ ፈገግ ቢል፣ ወይም ቢቆጣ፣ አንድ ነገር እይዝ ነበር። እሱ ግን እንደማያውቀኝ ሰው ፊቱን አዞረ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁ። ይህን ያህል ጠልቶኛል ማለት ነው አልሁ።

በዚያው ጠዋት ሌላ ያልታየ ነገር ሆነ። ጾመ ድጓውን የሚመሩት አባቴ ዜማው መሐል ላይ ቃል ጠፍቶባቸው ቆሙ። ተማሪዎቹ ጠበቋቸው። ደገሙት፤ ደግሞም ጠፋባቸው። ቀለመ ወርቅ ቀስ ብሎ ቃሉን አቀበላቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላው ቃል ሲያቀብሉ የኖሩ ሰው፣ ተቀብለው ጨረሱ።

ሕዝቡ ለሰንበቴ ሲቀመጥ አባቴ ወደ ቤት መጡ። ምሳ ሲቀርብላቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ቆይተው ጠሩኝ።

«ዝናሽ።»

«አቤት አባዬ።»

ከቅንጭቡ ሥር፣ ከአሥራ ሁለተኛው ገንቦ አጠገብ ቆመዋል።

«ይህን ገንቦ ማን ሞላው?»

«አላውቅም።»

«እኔ ነኝ» አሉ።

ንግግራቸው ገብቶኝ ልቤ ዘንድ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። እሳቸው ፊቴን አያዩም። «አርብ ጠዋት ጓሮሽን ለእንግዶቹ ላሳይ ብዬ አወጣኋቸው» አሉ። «አሥራ አንዱ ለምልሞ ይህች አንዲቱ ጠውልጋለች። ምነው ይቺ ደረቀች አሉኝ። ገንቦው ተሰንጥቆ ይሆናል ብዬ ክዳኑን አነሣሁት። ወረቀቱን ጸሎት አስመስዬ ደረቴ ውስጥ ከተትሁት። እንግዶቹ ሲገቡ ተመልሼ አነበብሁት፤ ከዚያ ውሃ ቀዳሁ።»

«ደብዳቤው የታል?»

«በጧፍ አቃጠልሁት።»

«ምን ይላል?»

በመቋሚያቸው ጫፍ የገንቦውን ክዳን ገፋ አደረጉት።

«አባዬ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ያነበቡትን አይረሱም።»

«እንዲህ ያለውን ነገር አባት ለልጁ አይናገርም።»

«የተጻፈው ለእኔ ነው!» አልሁ። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ድምፄን ራሴ ፈራሁት። «የእኔን ነገር ወስደው በሆድዎ ይዘውታል። ይመልሱልኝ።»

መቋሚያውን ብብታቸው ሥር አስገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው የመጀመሪያው አንጓ ላይ ተቀመጠ፤ ለተማሪ ቅኔ በሚነግሩበት በዚያው በለሆሳስ ድምፅ ጀመሩ።

«ዝናሽ። ንፋስ መውጫ ችግኝ ጣቢያ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከወገዳ በሚነሣው አውቶቡስ እሄዳለሁ።» ጣታቸው አንድ አንጓ ተሻገረ። «ያለ አንቺ መሄድ አልፈልግም። ሰርቄሽ መሄድም አልፈልግም፤ የመሪጌታን ልጅ ጠለፋት እንዲባል አልሻም።» ሌላ አንጓ። «እሺ ካልሽኝ፣ ቅዳሜ እናቴን ይዤ በፊት በር እመጣለሁ። ከአባትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ። በመቋሚያቸው ቢመቱኝ እችለዋለሁ፤ ሳልጠይቃቸው መቅረቱን ነው የማልችለው። ካልፈለግሽኝ ግን እንደ ተባባልነው ውሃ ሙዪው። አርብ በቅዳሴ ሰዓት መጥቼ አያለሁ።»

አቆሙ።

የምወደው ሰው ቃል በምወደው ሰው ድምፅ ሲነገር ሰማሁት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታና እንዲህ ያለ ሐዘን አንድ ላይ መጥተውብኝ አያውቁም። ወገኔ በቃኝ አላለም! መጥቶ፣ ድንጋዩን አንሥቶ፣ ውሃውን አይቶ ሄደ። በእኔ ስም መልስ ተሰጥቶታል። ዛሬ ጠዋት ፊቱን ያዞረው ለዚህ ነው።

«እያወቁ ሞሉት» አልሁ።

«እያወቅሁ።»

«በእኔ ስም።»

«ቃል ሰጥቻለሁ ልጄ! ሽማግሌ ተቀምጧል፣ መስቀል ተስሟል። ለቀለመ ወርቅ ምን እላለሁ? አጥንት የሚባል ነገር አለ። የመሪጌታ ልጅ ለሸክላ ሠሪ ተሰጠች ሲባል ተማሪዎቼ በምን ዓይን ያዩኛል?»

«ይህን ጾም የበሉት ጎመን ከማን ገንቦ ውሃ ጠጥቶ ነው የበቀለው?» አልሁ። «የእጃቸውን ሥራ ጓሯችን ውስጥ ቀብረን እየበላንበት፣ አጥንታቸው ነው የሚያስፈራን?»

ዓይናቸው ወደ ጎመኑ ሄደ።

«እሺ አባዬ። ወገኔ ይሂድ። በፋሲካ ልብሴን ለብሼ መቅደስ ልቁም። ካህኑ ወደሽ ፈቅደሽ ነው ወይ ሲሉኝ ግን ምን ልበል? በሥጋ ወደሙ ፊት ዋሺ ይሉኛል? አንድ ቃል ብቻ ይንገሩኝ። ዋሺ ካሉኝ እዋሻለሁ።»

አባቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። ቅኔ የሚዘርፍ አፍ ለዚያች ለአንዲት ቃል አነሰ።

ጎንበስ ብዬ አፈሩን በእጄ ጫርሁ። ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ ገባ። የቲማቲሟን ሥር እንዳልጎዳ ጠርዝ ጠርዙን ቆፍሬ፣ አንገቱን ይዤ ወዘወዝሁት፤ ገንቦው ነቅሎ መጣ። ውሃውን ለእንጆሪው ደፋሁለት። ከዚያ ገንቦውን በነጠላዬ አዝዬ ቤቱን ዞሬ ወደ ግቢው ፊት በር ሄድሁ። እናቴ ከምድጃው ብድግ ብላ በደጃፉ አየችኝ፤ «አንቺ ልጅ» ብቻ አለች።

አባቴ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመዋል። መቋሚያቸውን እንደ በር መወርወሪያ አጋድመውታል።

«ወዴት ነው?»

«ባዶ መሆኑን ላሳየው።»

«በፊት በር? ሰው ከሰንበቴ በሚነሣበት ሰዓት?»

«እሱም በፊት በር ነው ልምጣ ያለው።»

ተያየን። እኔ እሳቸውን ገፍቼ አልወጣም፤ ያንን አላደርገውም። እሳቸውም ያውቃሉ። በሩ ክፍት ነው፤ ሁለታችንም ግን በውስጡ ማለፍ አልቻልንም። እንባዬን እንዳያዩ ወደ ታች ሳቀረቅር እጃቸውን አየሁት። አውራ ጣታቸው ገና የመጨረሻው አንጓ ላይ አልደረሰም።

«ይቀራል» አልሁ። «አባዬ፣ ደብዳቤው አልሞላም። አንድ ቤት ይቀራል።»

አሁን በለሆሳስ ሳይሆን በተሰበረ ድምፅ፣ እንዲህ አሉ፦

«በእኔ ምክንያት አባትሽን እንዳትጠዪ። የመጀመሪያውን ገንቦ ከእናቴ ሲቀበሉ እጅሽ ይባረክ ብለዋታል። እናቴን በዕድሜዋ እንዲህ ያላት ሰው የለም።»

አውራ ጣታቸው መጨረሻው ላይ ደረሰ።

«ውሃውን የቀዳሁት» አሉ፣ «ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው።»

መቋሚያው ቀስ ብሎ ከበሩ ላይ ወረደ። እጃቸውን ልስም ብል እጃቸውን ሸሸጉብኝ። እኔም ወጣሁ።

የሰንበቴው ሰው በመንገዱ ላይ ነው። አንዱ ሲያየኝ ቆመ፤ ሁለተኛዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የመሪጌታ ተክለ ማርያም ልጅ በጠራራ ፀሐይ የሸክላ ሠሪዋን ገንቦ አዝላ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ትወርዳለች። ከገንቦው ታች የቀረው ጠብታ ቀሚሴን አርሶ ጀርባዬን ያቀዘቅዘዋል። ከቁልቁለቱ በታች የእትዬ ተሾመች ቤት ጢስ ይታየኛል። ወገኔ ይቀበለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለት ቀን ሙሉ የጠላኝ ሰው ነው።

ገና ትንሽ እንደ ሄድሁ፣ ከኋላዬ መቋሚያ ድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። አይሮጥም፣ አይጣራም፤ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። ሊመልሱኝ ይሁን ሊያደርሱኝ አላወቅሁም። ዘወር ብዬ ማየት ፈራሁና የገንቦውን አንገት ጠበቅ አድርጌ ይዤ መውረዴን ቀጠልሁ።